እስከ ሰኞ

«ዛሬስ ምን አየሽ?» አላት የሺዋስ፣ ገና ዓይኗን ሳትገልጥ።

ሌላው ባልና ሚስት ጠዋት ሲነሳ እንዴት አደርሽ፣ እንዴት አደርክ ይባባላል። እነሱ ቤት ግን ከሁሉም የሚቀድመው ሕልም ነበር። የሺዋስ ጋቢውን ተከናንቦ አልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጥና፣ ጉልበቱ ላይ ደብተር ዘርግቶ፣ ቤዛዊት እስክትናገር እስክሪብቶውን እያገላበጠ ይጠብቃል። ስንት ርግብ እንዳየች፣ ደረጃው ስንት እርከን እንደነበረው፣ ያቺ የማታውቃት ሴትዮ ስንተኛው በር ላይ እንደቆመች ትነግረዋለች፤ እሱ ከወሬው ውስጥ ቁጥር ቁጥሩን ይለቅማል። ዛሬ ምንም አላየችም። እውነቱ ይነገር ከተባለ ከፍልሰታ ወዲህ አንድ ሕልም እንኳ አላየችም፤ ጭንቅላቷ ትራስ ሲነካ ትጠፋለች፣ ስትነቃ ነግቷል። ግን ሰውየው እንዲያ ፊቱን ወደ እሷ አድርጎ ሲጠብቅ «አላየሁም» ማለት አልሆነላትም። ዓይኗን እንደጨፈነች፣ «ውኃ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ጥርት ያለ ውኃ። ዳር ዳሩን እንስራ ተደርድሯል፤ አሥራ ሰባት ይሆናል። ነጭ ጃንጥላ የያዘች ሴት እየቆጠረች ታልፋለች። አራተኛው ላይ ስትደርስ ትስቃለች።»

«አራተኛው ላይ» አለ የሺዋስ፣ ጻፈው።

የተከራዩት አራዳ ውስጥ፣ ከአሮጌው የገበያ መንገድ ገባ ብሎ ካለ ግቢ፣ ሁለት ክፍል ነው። በአንደኛው ይተኛሉ፣ ይበላሉ፣ እንግዳ ይቀበላሉ። በሁለተኛው የሚኖረው የባሏ የኮምፒውተር ማሽን ነው። እንጨት መደርደሪያ ላይ አራት ግራፊክስ ካርዶች ጎን ለጎን ተሰክተው ማራገቢያዎቻቸው ቀን ከሌት ይሽከረከራሉ፤ ድምፁ ማዶ ያለ ወፍጮ ይመስላል። ከካርዶቹ የሚወጣው ሙቀት በሁለቱ ክፍሎች መሐል የተንጠለጠለውን መጋረጃ እንደ ሰው ትንፋሽ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ጎንደር ኅዳር ሲገባ ጠዋቱ ይቆረጥማል፤ የእነሱ ቤት ግን ብርድ አያውቅም። አከራያቸው እትዬ ለተ ማርያም እንኳ ክረምት ላይ እርጥብ ጋቢያቸውን ይዘው ይመጡና፣ «ይኸ ሳጥን ለዚህ ለዚህስ በጀ» እያሉ መደርደሪያው አጠገብ ያሰጡት ነበር። ቤዛዊት አንዳንድ ጠዋት በእንቅልፍና በንቃት መካከል ሆና ያ ሙቀት ፊቷን ሲነካት የት እንዳለች ይጠፋባታል። ቆላ ወርዳ ሳንጃ ከሰሊጥ ማሳ ዳር የተኛች ይመስላታል።

ማሽኑ የሚሠራውን ለሰው ማስረዳት ትታለች። የሺዋስ ግን ገና ሲጋቡ እንዲህ ብሎ ነግሯት ነበር። ከዓመታት በፊት ማንነቱን የማይናገር አንድ ሰው ያለውን ብዙ ቢትኮይን፣ በኢንተርኔት ብቻ ያለውን ገንዘብ፣ ከፋፍሎ፣ እያንዳንዱን ለብቻው ቆለፈና ለዓለም ሁሉ «ቁልፉን ያገኘ ይውሰደው» ብሎ ተወው። ስርቆት አይደለም፤ ባለቤቱ ራሱ ውሰዱ ያለው እንቆቅልሽ ነው። ቁልፉ ብረት አይደለም፣ ቁጥር ነው። ከየት እስከ የት ባለው ውስጥ እንደተደበቀ ይታወቃል፤ ግን በመካከሉ ያለው ቁጥር የሊማሊሞን ጠጠር አንድ በአንድ ከመቁጠር ይበዛል። ማሽኑ ከዚያ ውስጥ አንዱን ያነሳል፣ ይሞክራል፣ አይደለም ብሎ ይጥላል፤ ሌላውን ያነሳል። በአንድ ሰከንድ ብቻ ቢሊዮን ጊዜ እንዲህ ያደርጋል። «በተራ እንፈልግ ካልን የልጅ ልጆቻችንም አይደርሱበት» አላት ያን ጊዜ። «ከየትም ብንጀምር ያው ነው። ያው ከሆነ ደግሞ ካንቺ ሕልም ብንጀምርስ?» ይኸን ሲላት ነው የወደደችው ማለት ይቻላል፤ ከዚያ በፊትስ አግብታው ብቻ ነበር።

ፊቷን ልትታጠብ ወደ ቧንቧው ስትወጣ የእትዬ ለተ ማርያም ድምፅ ከአጥሩ ወዲያ መጣ። ከጎረቤታቸው ጋር ቆመው ነው፤ ቤዛዊት መውጣቷን አላዩም። «ልጁ ሸጋ ነው፣ ክፉ አልወጣውም» ይላሉ። «ግን ወንድ ልጅ ሳጥን ሲሠራለት ተቀምጦ ይውላል? የምትሮጠው ሚስቲቱ ናት። እሷ ስታሳዝነኝ ዝም አልኩ እንጂ። እንግዲህ የእህቴ ልጅ ከመተማ ጠቅልላ መምጣቷ ነው፤ እስከ ታኅሣሥ ልቀቁልኝ ልላቸው ነው። ዛሬ ነገ እያልኩ ፊታቸውን ፈራሁት።» ቤዛዊት ውኃው በመዳፏ እንደሞላ ቆመች። ቧንቧውን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ቤት ገብታ ልብሷን ለበሰች፤ የሺዋስ ለማሽኑ አቧራ እያራገፈለት ነበር። «ቻው» አለችው። የሰማችውን አልነገረችውም።

የምትሠራው ሆስፒታል ካርድ ክፍል ነው። ዛሬ ቅዳሜ ስለሆነ ሥራው እስከ ስድስት ሰዓት ነው። በመስኮቱ ወዲያ ሰው ተሰልፎ ስሙንና ቁጥሩን ይነግራታል፤ እሷ ከመደርደሪያው መሐል ገብታ ከሺህ ካርድ አንዱን ታወጣለች። ከጭልጋ የመጡ አንድ ሽማግሌ ቁጥራቸው የተጻፈበት ወረቀት ጠፍቶባቸው፣ «አንቺው ፈልጊኝ እንግዲህ፣ እዚያው ውስጥ ነኝ» ሲሏት ሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። አጠገቧ የምትቀመጠው ሚስጥር የምትባል ባልደረባዋ ሽንኩርት ኪሎው መቶ ሃያ ገባ ትላለች፣ ማራኪ ሰፈር በኩል ሁለት ክፍል ቤት ጠይቃ አሥራ ሁለት ሺህ እንዳሏት ታወራለች። ቤዛዊት እነሱ አምስት ሺህ እንደሚከፍሉ አሰበች። አሥራ ሁለት ሺህ ከደመወዟ ላይ ሲነሳ የሚተርፈውን ልታሰላ ጀምራ ተወችው። በረጃጅሞቹ መደርደሪያዎች መሐል ቆማ ለአፍታ ዓይኗን ጨፈነች። አቧራው በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ሁሉም ነገር ከውኃ በታች ያለ ይመስላል።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኳ ጠራ።

«ቤዛ፣ ነይ» አለ የሺዋስ።

«ምን ሆነህ?»

«ነይ ብቻ። አትሩጪ ግን።»

አትሩጪ የተባለ ሰው እንዴት ይሄዳል? አለቃዋን ለምና ወጣች። ባጃጅ ውስጥ ሆና አባቱ ናቸው አለች በልቧ፤ ኮሶዬ ያሉት አማቷ አያ አድማሴ ባለፈው ወር ጎናቸውን አሟቸው ነበር። ለባለባጃጁ ከሰጠችው ብር መልሷን ሳትቀበል ወርዳ ግቢውን አቋረጠች፤ በሩ ላይ ስትደርስ ግን ቆመች። ቤቱ ጭጭ ብሏል። ማራገቢያዎቹ ቆመዋል፣ መጋረጃው ቀጥ ብሎ ተሰቅሏል። ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተኛው ቤት ተኝቷል። የሺዋስ ወለሉ ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። እጁ ላይ ቁራጭ ወረቀት አለ።

«መብራት ሄደ እንዴ?» አለች፤ ሌላ የምትለው ስላልመጣላት።

«አልሄደም። አጠፋሁት። ከዚህ በኋላ የሚፈልገው የለማ።» ወረቀቱን ዘረጋላት። አንድ መስመር የማትገባት የፊደልና የቁጥር ድርድር ነው፣ በእጁ የተጻፈ፤ አንዱን ሁለት ጊዜ አድምቆታል። «ተገኘ፣ ቤዛ። ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ። እስካሁን አሥር ጊዜ አጣርቻለሁ። እሱ ነው።»

አጠገቡ ተቀመጠች።  ከዚያ ለራሷ የገረማት ጥያቄ ከአፏ ወጣ፦ «በጃንጥላዋ ሴት ነው?»

የሺዋስ አንገቱን ደፋ። «አይደለም። ማሽኑ ራሱ የመረጠው ቦታ ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከመጀመሪያው ወር በኋላ ሕልምሽን አስገብቼ አላውቅም። ማሽኑ በራሱ ሲያማርጥ ይፈጥናል።»

«ታዲያ በየጠዋቱ ለምን ትጠይቀኛለህ?»

«አንቺ ከወጣሽ እስክትመለሺ የሚያናግረኝ ሰው የለም። ድምፅሽን ልጠግብ ብዬ ነዋ!»

ቤዛዊት አየችው፣ አየችውና ሳቋ መጣ። «እኔም እኮ ከፍልሰታ ወዲህ አንድ ሕልም አላየሁም። እየፈጠርኩ ነው ስነግርህ የከረምኩት።» እሱም ሳቀ። እየተያዩ፣ አንዱ ሲያቆም ሌላው እየጀመረ፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ወለሉ ቀዝቃዛ ነበር፤ ከተጋቡ ወዲህ በዚያ ቤት ብርድ ሲሰማት የመጀመሪያዋ ነው።

ከዚያ አልጋው ላይ በአግድም ተጋድመው ጣራውን እያዩ ቆዩ። በብር ቢመነዘር ሰባ ሚሊዮን ግድም ይሆናል አላት። ሰባ ሚሊዮን ብር ምን እንደሚገዛ ስለማታውቅ አንድ በር አሰበች። ከባድ የዋንዛ በር፣ ከፍታ የምትገባበት፣ ማንም ከውጭ ቆሞ ልቀቁ የማይልበት። በሩን ስትከፍተው ውስጡ ገና ቤት አልነበረውም፤ ከሰዓት በኋላ የሚገባ የፀሐይ ብርሃን ብቻ ነበር። ብርሃኑ ውስጥ ወንበር አስቀመጠች። ወንበሩ ላይ የሺዋስን አስቀመጠችው። እሱም አጠገቧ ሆኖ የራሱን ሲያልም እንደነበር ከትንፋሹ ታውቅ ነበር፤ ምን እንደሆነ አልጠየቀችውም። እንዲህ ሳሉ ግማሽ ሰዓት ይሁን አንድ ሰዓት አለፈ፣ ማንም አልቆጠረውም።

«ብሩን ዛሬ ወደ እኛ ላንቀሳቅሰው ወይስ እስከ ሰኞ ልቆይ?» አለ የሺዋስ በመጨረሻ።

«ምነው ሰኞ?»

አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ። ፊቷን አየ፤ ሳቁ ገና አልለቀቃትም ነበር። «ምንም አይደል» አለ። «የጻፍኩላቸው ሰዎች አሉ፤ እነሱ እስኪመልሱ ብዬ ነው። ደግሞ ሌላ ሰው እስከዚያ ሊያገኘው ይችላል። ያው ነው።»

የእትዬ ለተ ማርያም ድምፅ ጆሮዋ ላይ አቃጨለ፤ እስከ ታኅሣሥ። ሚስጥር አሥራ ሁለት ሺህ ያለችውም ተከትሎ መጣ። «ዛሬ» አለች። «ሁለት ዓመት ጠብቀናል። ሌላ ሁለት ቀን ስጠብቅ ልቤ ይቆማል፣ የሺ። ዛሬ ይሁን።»

«ዛሬ ይሁን» አለ እሱም። ተነሳና ጫማውን አሰረ።

የቤታቸው ኔትወርክ ሲመጣ ሲሄድ ስለሚውል ወደ ጌትነት ሱቅ ሄዱ። ጌትነት ከየሺዋስ ጋር የተማረ ጓደኛው ነው፤ ከጣሊያን ጊዜ በቀረ አንድ ፎቅ ምድር ቤት ኮምፒውተርና ስልክ ይጠግናል። ጠባብ ቤት ነው፤ ሆዳቸው የተከፈተ ፕሪንተሮች እስከ ጣራ ተቆልለዋል፣ አየሩ የብየዳ እርሳስ ይሸታል። ቤዛዊትን በርጩማ ላይ አስቀመጧትና ሁለቱ በሩ ላይ ቆመው በዝግታ ተነጋገሩ። ጌትነት እጁን ሲያወናጭፍ፣ የሺዋስ ራሱን ሲነቀንቅ አየች፤ የሚሉት አልተሰማትም፣ ልትሰማም አልሞከረችም። በአእምሮዋ ያንን የዋንዛ በር ስትከፍትና ስትዘጋ ነበር። ተመልሰው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ። የሺዋስ ቁጥሩን እያነበበ፣ ጌትነት እያመሳከረ፣ አንድ ደቂቃ ያህል ፈጀ። የሺዋስ ግራ እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ የእሷን ጣቶች ያዘ። በቀኙ መላኪያውን ተጫነ።

ስክሪኑ ላይ «በመጠባበቅ ላይ» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ውጭ ማስቲካና መሐረብ የሚሸጥ ሰው እየጮኸ አለፈ፤ ባጃጅ ጥሩምባ ነፋ። አራት ደቂቃ፣ አምስት ደቂቃ። ከዚያ ጽሑፉ ተለወጠ፤ አረንጓዴ ሆነና «ተመዝግቧል» አለ። ቤዛዊት ከበርጩማው ብድግ ብላ እልል አለች። እልልታዋ ግድግዳው ላይ ነጥሮ ተመለሰ፤ የተቀበላት የለም። ጌትነት ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ነበር። የሺዋስ ስክሪኑን እንዳየ ቀርቷል።

«ወደ እኛ አይደለም» አለ ቀስ ብሎ። «ሌላ ሰው ወስዶታል።» ተነሳ፣ ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰ። «ትንሽ አየር ልውሰድ» ብሎ ወጣ።

ቤዛዊት እንደቆመች ወደ ጌትነት ዞረች። «ምንድን ነው የሆነው? በሰው ቋንቋ ንገረኝ።»

ጌትነት ጣቱን ወደ ስክሪኑ ቀሰረ። «ብሩን ስታንቀሳቅሺው፣ መዝገብ ላይ እስኪጻፍ ጥቂት ደቂቃ ዓለም በሚያየው ሰሌዳ ላይ ይቆያል» አለ። «በዚያች ደቂቃ ቁልፉ ራሱ አይታይም፣ ግን ጥላው ይታያል። ጥላውን ካዩ ቁልፉን ወዲያው የሚያሰሉ ትልልቅ ማሽኖች አሉ፤ ይኸን እየጠበቁ አድፍጠው ነው የሚኖሩት። ቁልፉን ሲያገኙ ያንኑ ብር ወደ ራሳቸው ይልኩታል፣ መዝገቡን ለሚጽፈው ለመዝጋቢውም ከኛ የበለጠ ይከፍሉታል። መዝጋቢው ብዙ የከፈለውን ያስቀድማል። በቃ፣ ይኸው ነው።»

«ሌላ መንገድ አልነበረውም?»

«ነበረው» አለ ጌትነት፤ ከዚያ መናገሩ የጸጸተው መሰለ። ቤዛዊት ከእሱ ላይ ዓይኗን አላነሳችም። «ሰሌዳው ላይ ሳይወጣ በቀጥታ ለአንዱ መዝጋቢ መስጠት ይቻላል። ጽፎላቸዋል፤ ቅዳሜና እሑድ ስለሆነ እስከ ሰኞ መጠበቅ ነበር። እዚህ በሩ ላይ ጠብቅ ብዬ ለመንኩት። ‹ቤዛ ዛሬ ብላለች፣ ሁለት ዓመት ያልኳትን ስትሰማ ኖራለች፣ አንድ ቀን እኔ ልስማት› አለኝ።»

አመሰግናለሁ ማለቷን አታስታውስም። ወደ ውጭ ስትወጣ ፀሐይዋ ከፊቷ መጣችባት። የሺዋስ ከመንገዱ ማዶ፣ የአሮጌው ግንብ ጥላ ሥር፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ ተቀመጠች። አላፊ አግዳሚው በሁለቱ ፊት ያልፋል፤ ሙሽራ የጫነ ማኪና ጥሩምባውን እየነፋ ዞረ። የሺዋስ መሬቱን እያየ፣ «ማሽናቸው ትልቅ ነው» አለ። «ሰኞም ቢሆን ያው ነበር።» ይኸን ያለው ለእሷ ብሎ መሆኑን አወቀች። አንተ ብቻህን አትሸከመው ልትለው ፈለገች፤ አላለችውም። ደግሞ ስለ ቤቱም አልነገረችውም።  

የሺዋስ ስልክ ጠራ። አያ አድማሴ ስልክ ሲያናግሩ ተራራ ማዶ ያለ ሰው እንደሚጠሩ ነው፤ ቤዛዊት እያንዳንዱን ቃል ሰማች። «ምነው ቀራችሁ! በጉ እኮ ተገፏል! አያ አስማረ መጥቷል፣ ቄሱም መጥተዋል፣ መንደሩ ሁሉ ግቢ ነው። በሉ ማኪና ሳያመልጣችሁ ኑ!»

«እሺ፣ አባባ» አለ የሺዋስ። ስልኩን ዘጋና ወደ እሷ ሳይዞር፣ «ረፋድ ላይ ደውዬ ነግሬው ነበር» አለ። «አላስቻለኝም። እናንተ በሸጣችሁት ባሕር ዛፍ የገዛሁት ማሽን አገኘ አልኩት።»

ወደ ደባርቅ የሚወጣው ሚኒባስ ሊሞላ ሁለት ሰው ሲቀረው ደረሱ። ገና ከተማውን ሳይጨርሱ የሺዋስ እንቅልፍ ወሰደው። እንዲህ ሲተኛ አይታው አታውቅም፤ ከሁለት ዓመት ወዲህ ሌሊቱን ሁለት ሦስት ጊዜ ሳይነሳ፣ ማሽኑን ሳያይ አድሮ አያውቅም። አሁን ጭንቅላቱ ትከሻዋ ላይ ወድቆ፣ አፉ ተከፍቶ፣ ሸክሙን እንዳወረደ ሰው ይተነፍሳል። ከፊታቸው ያሉት ሰዎች ስለ ገብስ ዋጋ ያወራሉ፤ የአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው እየተቀላቀለ ከሩቅ እንደሚሰማ ቅዳሴ ሆነባት። መንገዱ እየወጣ ሲሄድ ጉም ከገደሉ ሥር ተነስቶ መስኮቱን ሸፈነው፤ ቢጫው አዝመራ አንዴ ይታያል፣ አንዴ ይጠፋል። ሰባ ሚሊዮኑም በዚያ ጉም ውስጥ የሆነ ቦታ እየሄደ ያለ መሰላት፤ ለማያውቁት ሰው፣ በማያውቁት አገር። ሰውየው አሁን እየሳቀ ይሆን? ወይስ ማሽኑ ወስዶለት እሱ ተኝቷል? የባሏን ጸጉር ከግንባሩ ላይ መለሰችለት። ልታለቅስ አስባ ነበር፣ እንባው አልመጣም።

ኮሶዬ ሲወርዱ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ከመንገዱ ወጣ ብሎ ያለው የአያ አድማሴ ግቢ በሰው ተሞልቷል፤ ሳር ተጎዝጉዟል፣ ከጎረቤት የመጣ አግዳሚ ተደርድሯል፣ ጥብሱ ቸስ ቸስ ይላል። አያ አድማሴ የጥምቀት ኩታቸውን ለብሰው በር ላይ ቆመዋል። ጎናቸውን ያመማቸው ሰው አይመስሉም። ልጃቸውን አቅፈው ከመሬት ሊያነሱት ሞከሩ፤ ቤዛዊትን ግንባሯን ሳሟት። «ግቡ፣ ግቡ! ጠላው ሸጋ ነው፣ እታገኘሁ የጠመቀችው!» እንግዳው ሁሉ ብድግ ብሎ ተቀበላቸው። የሺዋስ ፈገግ ሊል ሲታገል አየችና፣ ደግማ እንዳታየው ብላ ወደ ማድቤቱ ገባች።

አማቷ እታገኘሁ ብቻቸውን ሥጋ ይከትፋሉ። ነጠላቸውን አደግድገዋል። ቤዛዊት ቢላ አንስታ አጠገባቸው ተቀመጠች። እሳቸውም ከሥራቸው ቀና ሳይሉ፣ «የለም፣ አይደል?» አሉ።

ቤዛዊት ቢላውን አስቀመጠች። «ማን ነገረዎት?»

«ማን ይነግረኛል። ከማኪናው ሲወርድ ትከሻውን አየሁት። ትንሽ ሆኖ ከፈረስ ወድቆ እጁ የተሰበረ ጊዜ እንዲያ ነበር የመጣው፤ ምንም አልሆንኩ እያለ።» ሥጋውን ወደ ድስቱ ገፋ አደረጉ። «ተሰረቀ?»

«አዎ። እኔ ነኝ አስቸኩዬው። ቆይ ያለውን ዛሬ ካልሆነ ብዬ።»

እታገኘሁ እሳቱን ቆሰቆሱት። «እኔም በልጅነቴ ብዙ አስቸኩያለሁ» አሉ። «ስሚኝ ልጄ። አድማሴ ሠላሳ ዓመት በሰው ድግስ ሲበላ ኖሯል። ለሠርጋችሁ እንኳ አገሩ ታመሰና ሳይደግስ ቀረ። ዛሬ ጠዋት በጉን ሲጎትት እንደ ጎረምሳ ሲዘፍን ሰማሁት። ነገ ይንገረው። ዛሬ ግን ይብላ፣ ያብላ።»

ቤዛዊት ወጣች። የሺዋስ ከቤቱ ጀርባ፣ ባሕር ዛፉ የነበረበት ባዶ መሬት ላይ፣ ከአባቱ ፊት ቆሟል። «አባባ፣ አንድ ነገር ልነግርህ ነበር» ሲል ደረሰች። «አባባ፣ ቄሱ ይጠሩዎታል» አለች ፈጥና። አያ አድማሴ ኩታቸውን እያስተካከሉ ሄዱ።

«ለምን?» አለ የሺዋስ። ድምፁ ተሰብሯል። «እየሳቀ ሲያጎርሰኝ አልችልም፣ ቤዛ።»

«ጌትነት ነግሮኛል» አለች። «እስከ ሰኞ መጠበቅ እንደነበር አውቃለሁ። ሰኞም ያው ነበር አትበለኝ።» ሊናገር ሲል እጇን ደረቱ ላይ አደረገች። «እኔም ያልነገርኩህ አለ። እትዬ ለተ ማርያም እስከ ታኅሣሥ ልቀቁ ሊሉን ነው። ጠዋት ሰምቼ ነበር። ለዚያ ነው ዛሬ ያልኩህ። ብትነግረኝ ኖሮ እጠብቅ ነበር፤ ብነግርህ ኖሮ አንተም ትነግረኝ ነበር።»

 ጉሙ ከገደሉ በኩል እየመጣ በሁለቱ መካከል አለፈ። «ቤት እናጣለን ማለት ነው?» አለ የሺዋስ፤ ከዚያ በራሱ ላይ ሳቀ፣ አጭር ሳቅ። «ማሽኑን እሸጠዋለሁ። ጌትነት ጋ ገብቼ እጠግናለሁ፤ ሲለምነኝ ነው የከረመው።»

«ለአባባ ነገ ንገራቸው። ነገ ከቅዳሴ መልስ አብረን ገብሱን ለማየት እንወጣለን፤ እዚያ ማሳው ላይ ትነግራቸዋለህ፣ እኔም አለሁ። ዛሬ ግን የእሳቸው ቀን ነው።»

ገቡ። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል የመጨረሻው ብርሃኗ በበሩ ገብቶ የሰዉን ሁሉ ፊት ወርቅማ አድርጎታል፤ ጢሱ በብርሃኑ ውስጥ ቀስ እያለ ይዞራል። አያ አስማረ፣ የመንደሩ አንጋፋ፣ ዋንጫቸውን አስቀምጠው ተነሱ። ሰው ሁሉ ተነሳ። «ያገኛችሁትን ያቆይላችሁ» አሉ። አሜን። «ያበርክትላችሁ፣ ከዓይን ይሰውርላችሁ።» አሜን። «አንዳችሁን ለሌላችሁ አያሳጣ።» የሺዋስና ቤዛዊት አሜን አሉ፤ ድምፃቸው ከሰዉ ሁሉ ከፍ ብሎ ወጣ።

ሁሉም ሲቀመጥ አያ አድማሴ ወደ ልጃቸው ጠጋ አሉ። «ለመሆኑ» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያ ነገር ብዙ ነው?»

የሺዋስ ሚስቱን አየ።

«ብዙ ነው፣ አባባ» አለች ቤዛዊት።

«በቃ፣ ስንት እንደሆነ አትንገሩኝ። ሰው ሲሰማ ይደነግጣል።» ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ቢላቸውን አወጡና ከፊታቸው ካለው ሥጋ ሰፊውን ጎድን ቆርጠው፣ በእንግዳው ሁሉ ፊት፣ አስቀድመው ለምራታቸው ዘረጉላት። ቤዛዊት ብድግ ብላ በሁለት እጇ ተቀበለቻቸው። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም ነበር።